ያልበሰለው እንጆሪ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኳትም። ለነፍስ አባቴም አልነገርኳቸውም፤ ፊታቸው ተንበርክኬ ትንንሾቹን ኃጢአቶቼን ከደረደርኩ በኋላ "ሌላስ ልጄ?" ሲሉኝ፣ "ሌላ የለም አባቴ" እያልኩ ስንት ጊዜ ተነሥቻለሁ። ሌላ ግን ነበረ። አሁን ይህን ወረቀት ለያዘ ሰው ልናገረው ነው። ፊታችሁን ስለማላየው ይሆን የደፈርኩት? ይሆናል። ድፍረቴ እንኳ እንዲህ ዓይነት ነው።

ዘንድሮ መጻፍ እንደምችል አወቅሁ። የአማርኛ መምህራችን "ስለ ሰፈራችሁ ጻፉ" ብለውን ስለ አዘዞ ባጃጆች ጽፌ ሳነብ ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ሞተ፤ መምህሩ ራሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ወዲህ እጄ አላርፍ አለኝ። ስለ ጎረቤታችን አውራ ዶሮ ጻፍኩ። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እናቴና ጎረቤታችን እንዴት እየተጯጯሁ እንደሚያወሩ ጻፍኩ። አንዱ ቃል ሌላውን ሲጠራው፣ ሌላው "አቤት" ብሎ ሲመጣ ማየት እንዴት ደስ ይላል! በደስታ ብዛት ብቻዬን እስቃለሁ።

ግን አንድ ነገር አለ። ምንም ልጽፍ ብቀመጥ፣ ጥቂት መስመር እንደሄድኩ ሁለት እጆች ይመጡብኛል። ሐምራዊ የሆኑ እጆች፣ መዳፋቸው ወደ ላይ የተዘረጋ። የእኔ አይደሉም። የእኔ እጆች የዚያን ቀን ንጹሕ ነበሩ። በደሌም እሱ ነው፤ የእኔ እጆች ንጹሕ መሆናቸው።

ነገሩ ከአንድ ዛፍ ይጀምራል። ዛፉ ምን አደረገ? ምንም። የሚጀምረው ከእኔ ነው። ግን ዛፉን ካላሳየኋችሁ አይገባችሁም።

አዘዞ ያለው ግቢያችን ከአያቴ የወረስነው ነው፤ ሰፊ ነው፣ እናቴ የጓሮውን ክፍል ታከራየዋለች። እኔ ልጅ ሳለሁ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ስለ እርሻ ልታስተምር የመጣች አንዲት ኮሪያዊት ተከራየችው። ስሟ ሚሶን ነው። እናቴ ስሙ ምላሷ ላይ አልቀመጥ ሲላት "ምስጋና" አለቻት። ሴትዮዋ የቃሉን ትርጉም ስትሰማ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች፤ ምስጋና ሆና ቀረች። ለሰፈሩ ግን "ኮሪያዋ" ናት።

ምስጋና አንድ ቀን ደረቅ በትር የሚመስሉ ቁርጥራጮች አምጥታ በአጥሩ ጥግ ሰካቻቸው። "ምነው እንጨት ትተክላለች?" ብለን ሳቅንባት። እንጨቱ ቅጠል አወጣ። አብዛኛውን የጎረቤት ፍየል በላው፤ አንዱ ግን አመለጠ፣ አደገ፣ ከአጥሩ በላይ ሆነ። እንጆሪ ነው። ግን በየጥሻው የምናውቀው እሾሃሙ እንጆሪ አይደለም፤ ይሄ ዛፍ ነው፣ ቅጠሉን የሐር ትል የሚበላው። ፍሬው ረዘም ያለ፣ መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ቀይ፣ ሲበስል ጥቁር ለመሆን ጥቂት የሚቀረው ነው። በምስጋና ቋንቋ "ኦዲ" ይባላል። እኛም ኦዲ አልነው።

እሷ የተወለደችበት ገጠር በኦዲ ነው የሚታወቀው፤ ፎገራ በሩዝ እንደሚታወቀው። አያቶቿ ቅጠሉን ለሐር ትል እየመገቡ ይኖሩ ነበር አለችን። በኋላ ሐር ፈላጊ ሲያጣ ገበሬው ዛፉን ሊነቅል ተነሣ፤ ከዚያ "ቆይ፣ ፍሬውስ?" አሉ። ዛሬ ጭማቂው ኦዲ ነው፣ ማርማላታው ኦዲ ነው፣ እንደ ፓስታ ያለውን ቀጭን ምግባቸውን እንኳ በኦዲ ቀለም ያደርጉታል። ሲበስል ከዛፉ ሥር መረብ ዘርግተው ቅርንጫፉን ይነቀንቃሉ፤ ፍሬው እንደ በረዶ ዷ ዷ እያለ ይወርዳል። ያን ሰሞን የአገሩ ሰው ሁሉ እጁ ሐምራዊ ነው፣ መኪና ነጂውም፣ አስተማሪውም። በስልኳ ፎቶ አሳየችን። እናቷ ሁለት መዳፋቸውን ወደ ካሜራው ዘርግተው ጥርሳቸው እስኪታይ ይስቃሉ። በእሷ አገር ሐምራዊ መዳፍ የሚያስቅ ነገር ነው።

ያን ጊዜ ከእኛ ጋር የምትኖር አንዲት ልጅ ነበረች። እንጉዳይ ትባላለች። የእናቴ የአጎት ልጅ የሆነው የአያ ሙላት ልጅ ናት፤ ከዛሪማ ወዲያ ካለ ቀበሌ ለትምህርት የመጣች። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፣ እሷ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ግን ክፍላችን አንድ ነው፣ አልጋችንም አንድ ነው። የሰፈሩ ልጆች ስሟን ሲሰሙ፣

"አንቺ እንጉዳይ፣ በመብረቅ ነው የበቀልሽው?" ይሏታል።

"አዎ፣ በመብረቅ ነው። እናንተስ ምነው በድርቅ በቀላችሁ?" ትላቸዋለች፤ ዞር ብላም አታያቸውም።

ሂሳብ ላይ የሚደርስባት አልነበረም። መምህሩ ጥያቄውን ጽፈው ሳይጨርሱ እጇ ይወጣል። "ነርስ ነው የምሆነው" ትል ነበር፤ እናቷ በምጥ ቀን ጤና ጣቢያ ሳትደርስ መንገድ ላይ ነው የቀረችባት። ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። "ስለዚህ ነርሷ እዚያው ቀበሌው ውስጥ መኖር አለባት" አለችኝ፣ እንደ ሂሳብ አስልታው። እቀናባት ነበር? ትንሽ። ግን ያደረግኩትን በቅናት አላደረግኩትም። በቅናት አድርጌው ቢሆን ቢያንስ ምክንያት ይኖረኝ ነበር።

ያን ዓመት ምስጋና ዛፉን በግንቦት ገረዘችው። አዲስ ቀንበጥ አወጣና፣ የአገሩ የመብሰያ ወር የጠፋበት ይመስል፣ በነሐሴ ዝናብ መሐል ለመጀመሪያ ጊዜ አፈራ። እናቴ ፍሬውን ስታይ እልል አለች። ከዚያ ሁላችንንም ዛፉ ሥር ሰበሰበችን።

"ይሄ በኩራት ነው። ሰማችሁ? የመጀመሪያው የኪዳነ ምሕረት ነው፤ የፍልሰታ ዕለት እኔው ራሴ ይዤው እሄዳለሁ። ከዚያ በፊት ማንም እንዳይቀምስ። አንቺም ምስጋና።"

ምስጋና የእኛ ሃይማኖት አይደለችም። ከአገሯ ከወጣች ጀምሮ ኦዲ አልቀመሰችም። ከበዓሉ በኋላ በሳምንቱ ደግሞ ጠቅልላ ልትሄድ ነው። ሆኖም ራሷን ነቀነቀች። "እጠብቃለሁ" አለች በዚያ በሚጎተት አማርኛዋ። በኩራቱ ከደረሰ በኋላ የሰፈሩን ሴቶች ሰብስባ ማርማላታ አሠራሩን ልታስተምር ተስማምተው ነበር። እናቴ አሮጌ አጎበራችንን አውጥታ ከዛፉ ሥር ወጠረችው፣ እንደ መረብ፤ ለግማሹ ነው የበቃው።

በዚያ ሰሞን አንድ ከሰዓት ምስጋና ጠራችኝ። እንጉዳይ ቦኖ ውኃ ወረፋ ሄዳለች። ወፍ የጣለችውን የበሰለ ፍሬ አንሥታ መዳፌ ላይ ጨፈለቀችው። እጄ ሐምራዊ ሆነ። በሳሙና አሸሁት፣ በአመድ አሸሁት፣ ንቅንቅ አላለም። እሷ ሳቀች። ከዚያ አንድ አረንጓዴ፣ ገና ያልበሰለ ፍሬ ቀጠፈችና መዳፌን በእሱ አሸችው። ቀለሙ ለቀቀ! እንዳልነበረ ሆነ። "እናቴ አሳየችኝ፣ ልጅ ሆኜ" አለችኝና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ "ምስጢር" አለች። ቀልዷን ነበር። እኔ ግን ምስጢር መያዝ እወድ ነበርና ለእንጉዳይ እንኳ አልነገርኳትም። አልጋ ውስጥ ሁሉን የምንነጋገር ልጆች፣ ያን ብቻ አስቀረሁባት። ያኔ በክፋት አልነበረም። ማን ያምነኛል?

የአዘዞን ፍልሰታ ለማታውቁ፣ ልጅ ሁሉ ይጾማል። ከቁርባን በፊት ውኃ እንኳ አፋችን አይገባም፤ ቅዳሴው ደግሞ ከቀትር በኋላ ነው የሚያልቀው። ታላላቆቹ በረሃብ የተጋደሙትን ትንንሾች "ታዲያ ምነው ተኛሽ፣ ሞትሽ እንዴ?" እያሉ ይቀልዳሉ፤ እነሱም ተኝተዋል። የበዓሉ ዋዜማ ዕለት ጠዋት እናቴ ከሴቶቹ ጋር ቤተ ክርስቲያን ልታጸዳ ሄደች። "ልብሳችሁን ልበሱና ጠብቁኝ፣ መጥቼ እወስዳችኋለሁ" ብላናለች። እኔና እንጉዳይ ነጭ ቀሚሳችንን ለብሰን በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ዝናቡ አባርቷል። ፀሐይ ወጣች። ፍሬዎቹ ላይ ውኃው ያብረቀርቃል።

ራበኝ ልበል? ርቦኝ ነበር፤ ግን የራበው ልጅ እኔ ብቻ አልነበርኩም። እንጉዳይም ርቧት ነበር። እኔ ተነሥቼ ዛፉ ላይ ወጣሁ።

"አንቺ፣ ምነው ወጣሽ?"

"ላየው ብቻ ነው።"

"ዓይንሽ ከታች ማየት አይችልም እንዴ?"

አንዱን ቀጠፍኩ። አፌ ውስጥ ከተትኩት። ጣዕሙን ልጽፍላችሁ እችላለሁ፣ ዛሬ የምችለው ያን ነው፦ መጀመሪያ ዝናብ ዝናብ ይላል፣ ከዚያ ይፈነዳና ይጣፍጣል፣ መጨረሻ ላይ ጉንጭ ጥግ ላይ ኮምጠጥ ብሎ "ሌላ" ይላል። ሌላ በላሁ። ሌላም። እንጉዳይ ከሥር ቆማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ትለምነኛለች።

"ሐና ተይ። የታቦት ነው። ቁርባን አለብን እኮ። ተይ በማርያም።"

"አንድ ብቻ ነው።"

"አንድ ብቻ ስንቴ ነው?"

ሳቅሁ። ስስቅ እግሬ ተንሸራተተና ቅርንጫፉን ጨብጬ ተንጠለጠልኩ። ፍሬው ተራገፈ፣ አጎበሩ በሌለበት በኩል፣ ወደ ጭቃው። እንጉዳይ ምን አደረገች መሰላችሁ? ሮጠች። ሁለት እጆቿን ዘርግታ ተቀበለችው፣ የቀረውን በቀሚሷ። "የታቦት ነገር ጭቃ ይነካል?" እያለች። አንዲት ፍሬ አፏ አልገባችም። እጆቿ ግን፣ ነጭ ቀሚሷም፣ ሐምራዊ ሆኑ።

ያን ጊዜ የአጥሩ በር ተንኳኳ። እናቴ ናት፣ ከምስጋና ጋር መንገድ ላይ ተገናኝተው እያወሩ መጥተዋል።

እዚህ ላይ ቀስ ብዬ ልጻፍ። ከዛፉ ወረድኩ። ስወርድ ከዝቅተኛው ቅርንጫፍ ያልበሰለውን በሁለት እጄ ዘግኜ ሸመጠጥኩት። በዛፉ ግንድ ተከልዬ እጄን አሸሁት፣ ጣቶቼን፣ የጥፍሬን ሥር፣ ከንፈሬን። ምላሴንም አሸሁት፤ ያልበሰለ ኦዲ አፍ ያኮማትራል። ቀለሙ ለቀቀ። እንጉዳይ እዚያው አጠገቤ ቆማለች፣ እፍኝ ሙሉ ፍሬዋን ይዛ፣ የት እንደምታኖረው ዓይኗ እየፈለገ። የማደርገውን አላየችም። ብታይም ለምን እንደሆነ አታውቅም።

እጄ ውስጥ ገና ብዙ ያልበሰለ ፍሬ ነበር። "ነይ፣ በዚህ እሺው" ማለት ነበረብኝ። ይሄው፣ ያን ለመናገር ትንፋሽ እንኳ አይጨርስም። አላልኩም። የተረፈውን በአጥሩ ላይ ወረወርኩት። ከአጥሩ ወዲያ ሲወድቅ ያሰማውን ድምፅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለች እናቴ በሩን ገፍታ ስትገባ። የተራቆተውን ቅርንጫፍ አየች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወደቀ። "ምንድን ነው ይሄ? እጃችሁን አሳዩኝ!"

ዘረጋሁ። ንጹሕ። እንጉዳይ ፍሬውን አጎበሩ ላይ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችና ዘረጋች።

"በላሽው?"

"አልበላሁም እትዬ አበባ።"

"ይሄ እጅሽስ?"

እንጉዳይ ወደ እኔ አየች። አልተቆጣችም፣ አልለመነችኝም፤ ተራዬን ነው የሰጠችኝ። እኔ እንድናገር ነው የጠበቀችኝ። ልትናገርብኝ ትችል ነበር፤ ቤቱ የእኔ፣ እናትየዋ የእኔ፣ የምትተኛበት አልጋ የእኔ ባይሆን። ወይም ደግሞ ትናገራለች ብላ አምናኝ ይሆናል። የቱ ይሻላል? የቱ ለእኔ ይቀለኛል? ሁለቱም አይቀሉኝም።

"እኔ ተይ ብያት ነበር" አልኩ።

እሷ ያለችኝን ቃል። ከአፏ ወስጄ። ፍሬውን ብቻ አይደለም የሰረቅኩት።

እናቴ አልመታቻትም። እናቴ ሰው አትመታም። ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ያ ከመምታት ይብሳል። ምስጋና ከኋላዋ ቆማ ነበር። ወደ እኔ ቀረበችና እጄን አነሣች፣ ገለበጠችው፣ የጥፍሮቼን ሥር አየች።

"እጅሽ በጣም ንጹሕ ነው" አለችኝ ቀስ ብላ።

ሌላ አላለችም። እንግዳ ነች፤ በሰው ቤት፣ በሰው ሃይማኖት፣ በሰው ቋንቋ ውስጥ ምን ትበል? ለቀቀችኝ። የለቀቀችኝ ግን እጄን ብቻ ነው።

የዚያን ዕለት ቆረብኩ። አዎ፣ ቆረብኩ። እንጉዳይ ከደጀ ሰላሙ ውጪ ቆመች፣ ያንኑ ቀሚስ ለብሳ፤ ሌላ ነጭ አልነበራትም። ያለፈ ልጅ ሁሉ ቀሚሷን ያያል። "በኩራት በሊታ" አሏት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ አልሰጠቻቸውም። እኔ ቅዱሱን ተቀብዬ፣ እንደ ሥርዓቱ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ በአጠገቧ አለፍኩ። ከነጠላው ሥር ምላሴ ገና ይኮመጥጠኝ ነበር።

በማግስቱ አያ ሙላት ለበዓሉ ከዛሪማ መጣ። ከልጁ በፊት ወሬው ደረሰው። እናቴ ልታስታርቅ ነበር የነገረችው።

"ልጅ ናት አያ ሙላት፣ ርቧት ነው፤ ይለፋት። ትምህርቷ እንዳይጎዳ" አለችው።

"አይሆንም አበባ። በሰው ቤት ተቀምጣ የታቦት ነገር የነካች ልጅ፣ ነገ ምን ትነካለች? ፊቴን የት አደርገዋለሁ? እወስዳታለሁ።"

እናቴ ለመነችው። እናቴ! በኩራቷን ያጣችው እሷ፣ ለእንጉዳይ ተንበርክካ ለመነች። እኔ በሩን ተደግፌ ቆሜያለሁ። አንዲት ቃል ይዤ። ያቺን ቃል ብናገር እንጉዳይ ትቀራለች፣ ክፍል ትገባለች፣ ሂሳቧን ትሠራለች፣ ነርስ ትሆናለች። አልተናገርኩም። ለምን? እናቴ እንዲያ እያለቀሰች "እኔ ነኝ" ብላት ትጠላኛለች ብዬ። ከነኦዲው ቆርቤያለሁና ሰማይ ይወድቅብኛል ብዬ። አሥራ አንድ ዓመቴ ስለነበር። ስታዩት ምክንያቱ ብዙ ነው። እንጉዳይ ግን አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ የእሷን ዕድሜ ማን ቆጠረላት?

ስትሄድ ወደ ዛፉ ተጠጋችና አንድ ቀጭን ቅርንጫፍ ቀጭ አድርጋ ሰበረች። ልትመታኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ምነው በመታችኝ! ቅርንጫፉን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። "ደኅና ሁኚ ሐና" አለችኝ። ያ ብቻ ነው።

የቀረውን ኦዲ እናቴ አላስነካችም። "የረከሰ በኩራት አይወሰድም፣ ያልተወሰደም አይበላም" አለች። ፍሬው እየበሰለ አጎበሩ ላይ ወደቀ፣ ዝንብ ወረሰው። ማርማላታ የሚባል ነገር አልተሠራም። ምስጋና ሳትቀምስ ሄደች። ልትሄድ ስትል አቀፈችኝና ረጅም ጊዜ ይዛኝ ቆየች፤ እንድናገር ጊዜ እየሰጠችኝ እንደሆነ ገብቶኝ ነበር። ተሰናብታኝ ወጣች።

ቀጥሎ ክፉ ጊዜ መጣ። ወደ ዛሪማ የሚወስደው መንገድ ተዘጋ፣ ስልክ ጠፋ፣ ማን እንዳለ ማን እንደሌለ አይታወቅም ነበር። እናቴ "እንጉዳይ ምን ሆና ይሆን?" እያለች ስታነባ፣ እኔ ትራሴ ውስጥ "መንገዱ ባይዘጋ ሄጄ እናገር ነበር" እል ነበር። መንገዱ ክፍት በነበረበት ጊዜ የት ነበርሽ? አልጠየቅሁትም ራሴን። መንገዱ ተከፈተ። "ስልክ ቢሠራ" አልኩ። ስልኩ ሠራ። "ብቻችንን ብንገናኝ" አልኩ። እንዲህ እያልኩ አደግሁ።

ዘንድሮ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ አያ ሙላት ዓይኑን ሊታከም ወደ ጎንደር መጥቶ እኛ ጋ አረፈ። አርጅቷል። እናቴ ገና ሳይቀመጥ "እንጉዳይስ?" አለችው።

"ሸጋ ናት። ዳርናት። ሴት ልጅ አላት።"

"ትምህርቱስ?"

"ምን ትምህርት እቴ፤ ያኔው ቀረ።" ከዚያ ሳቅ አለ። "ያቺን እንጨት እኮ ተከለቻት! ከዚህ የወሰደቻትን። ደጃፏ ላይ ዛፍ ሆናለች። ታዲያ በየዓመቱ መጀመሪያ የበሰለውን ለቅማ ታቦት ታደርሳለች። እስከዚያ እሷም አትቀምስ፣ ልጇንም አታስነካ። ምነው ስንላት 'የእትዬ አበባን የጎደለ ነው የምሞላው' ትላለች።"

"እሰይ!" አለች እናቴ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። "እሰይ የኔ ልጅ። ጥፋቷን አወቀች።"

እኔ ጽዋ እያቀበልኩ ነበር። እጄ ላይ ነበር ጽዋው። ጥፋቷን አወቀች! እኔ ያጎደልኩትን፣ እሷ፣ በየዓመቱ። የምሠራውን አጣሁ። መናገር ያለብኝ ቦታ ላይ ቆሜያለሁ፣ መናገር ያለብኝ ሰዎች ፊት፣ አፌም ተከፍቷል። የወጣው "አያ፣ ልጨምርልህ?" የሚል ነው።

እሱ ሲጠጣ ስልኩ ጮኸ። "ይሄው፣ ራሷ ናት! ሰላም በያት" ብሎ ሰጠኝ። ወደ ግቢ ወጣሁ።

"ሐና ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"ወይ ጉድ፣ ድምፅሽ የትልቅ ሴት ሆኗል! ስንተኛ ክፍል ደረስሽ?"

"አሥራ አንደኛ።"

"ሸጋ። ሂሳቡስ? ያኔ ከእኔ ነበር የምትገለብጪው፤ አሁን ከማን ትገለብጪያለሽ?"

ሳቅን። አዎ፣ ሳቅን፤ እንደ ድሮው። ከኋላዋ ሕፃን ይንጫጫል፣ ዶሮ ይጮኻል። "ቆይ ይቺን ልጅ" ብላ ሄዳ ተመለሰች።

"ኦዲ ስትጨፈልቅ ነው የምትውል፤ እጇን ብታይው" አለች። "ባለፈው ግን አንድ ነገር አየሁ። ገና አረንጓዴውን ይዛ መዳፏን ስታሸው፣ ቀለሙ ለቀቀ። ገረመኝ። ያልበሰለው ያስለቅቃል ለካ።"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

"ሐና፣ ያኔ ታውቂ ነበር?"

በቁጣ አልነበረም። ልክ እንደ ድሮው፣ ሂሳቡን ጨርሳ መልሱ የገጠመ መሆኑን ልታየው ስትፈልግ እንደምትጠይቀው ነበር።

ገብቼ ስልኩን ለአያ ሙላት ሰጠሁት። "ኔትወርክ ተቆረጠ" አልኩት። "የኛ አገር ነገር" ብሎ ኪሱ ከተተው።

አልተቆረጠም። ቀዩን የነካሁት እኔ ነኝ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ከእንግዲህ "ልጅ ነበርኩ" የምልበት ቦታ የለም። ያው እጅ ነው፣ ያው ነገር ነው፤ በአጥሩ ላይ የተረፈውን ፍሬ የወረወረው እጅ ነው ስልኩን የዘጋው።

ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ደውያለሁ። አንዳንዴ አይነሣም፣ አንዳንዴ አይሠራም። ቢነሣስ? "አውቅ ነበር" ብላት ክፍሏ ይመለሳል? ልጇን አስቀምጣ ስድስተኛ ክፍል ትገባለች? ለእናቴ ብናገር ያ "እሰይ" ያለችበት ፊቷ ምን ይሆናል? ምንም የሚመለስ የለም። ምንም የማደርገው የለም። ይሄ ግን ዝም ማለቴን ልክ አያደርገውም፤ ምንም ባይመለስም እውነቱ የእሷ ነው፣ እኔ ጋ ተቀምጧል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ከጀመርኩ አይቀር። ይህን ስጽፍ ደስ ያለኝ ቦታ ነበር። የኦዲውን ጣዕም ስጽፍ፣ "ሌላ ይላል" ያልኩበት ጋ ስደርስ፣ ብቻዬን ፈገግ አልኩ። የበላሁትን ፍሬ ሁለተኛ ጊዜ በላሁት። እንጉዳይ ዛሬም ከሥር ቆማ እጆቿን ዘርግታለች።

ይቅር በሉኝ ልላችሁ ነበር። ግን እናንተ ምን አደረግኳችሁ? ይቅርታው የእናንተ አይደለም፤ የነፍስ አባቴም ብቻ አይደለም። ዛሪማ ወዲያ፣ አንድ ደጃፍ ላይ፣ አንድ ዛፍ ሥር ነው ያለው። እሷ ይቅርታ እንድጠይቃት እንኳ አልጠየቀችኝም። የጠየቀችኝ አንዲት ጥያቄ ናት፤ መልሷም አንዲት ቃል ናት፣ እስክሪብቶ ስይዝ ሁሉን መጻፍ የምችል የመሰለኝ እኔ ያቺን ቃል አጣኋት። ይሄው፣ አሁን ጻፍኳት።

አዎ፣ እንጉዳይ። አውቅ ነበር። ያልበሰለው ለሁለታችንም ይበቃ ነበር።